እንቅልፍ የማያውቀው ዛፍ

ቡሌ ላይ ጉሙ ከሰው ቀድሞ ይነሳል። ከዲላ አቀበቱን ሽቅብ የመጣ እንግዳ መጀመሪያ ሹራቡን ይፈልጋል፣ ቀጥሎ መንገዱን። ወይዘሮ ውዳሴ ግን ዕድሜያቸውን በዚሁ ጉም ውስጥ ፊደል ሲያስቆጥሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸውና፣ ማለዳ ጋቢያቸውን ደርበው ጓሮ ሲወጡ ዛፉን የሚያገኙት በዓይናቸው ሳይሆን በእጃቸው ነው። እጃቸውን ዘርጋ ያደርጋሉ፤ ቀዝቃዛና እርጥብ ቅጠል ይቀበላቸዋል። እንደ ሰላምታ ነው።

ዛፉን የተከሉት ባለቤታቸው አቶ ተክለማርያም ነበሩ። የማዘጋጃ ቤት የውሃ ሠራተኛ ሳሉ ለሥልጠና ጨንቻ ተልከው፣ ሲመለሱ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለሉ ሁለት የአፕል ችግኞች ታቅፈው መጡ። አንዱን ጓሯቸው ተከሉ። ሌላውን በአጥሩ ላይ አሻግረው ለጎረቤታቸው ለመሰለች ሰጧት። ወይዘሮ ውዳሴ አኮረፉ። ከዚያ ሁሉ አገር ታቅፈው ያመጡትን ግማሹን ለሰው? ተክለማርያም ግን ሳቁ። ሻጩ አታለያዩዋቸው ብሎኛል፣ ጓሯችን ደግሞ ለሁለት አይበቃም፣ ታዲያ አጥር ምን ይለያል አሉ። ሻጩ ምክንያቱን አልነገራቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም።

ዛፉ አደገ። አበባ የሚባል ነገር ግን አላሳየም፤ የመሰለችም እንደዚያው። በጋም ክረምትም አረንጓዴ ነው። ተክለማርያም በመጨረሻው ሕመማቸው አልጋቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው፣ ጠዋት ጠዋት “ዛሬስ አበባ አለው?” ይሉ ነበር። የለውም። አንድ ቀን መጠየቁን ተዉት። እሳቸው ከተቀበሩም በኋላ ዛፉ እንደ ለመለመ ቆመ፤ አልጋውም ከመስኮቱ ሥር አልተነሳም።

ዲላ የሚነግደው ልጃቸው መልከጼዴቅ፣ ዛፉ ባለበት ላይ የሚከራይ ክፍል ሊሠራላቸው አስቧል። ክፉ አሳብ አይደለም፤ የእናቱ ብቸኝነት ያሳስበዋል፣ ተከራይ ቢኖር ቢያንስ በር የሚያንኳኳ ሰው አይጠፋም።

“እማዬ፣ የማያፈራ ዛፍ ጥላ ብቻ ነው” አላቸው። “ቡሌ ላይ ደግሞ ጥላ ምን ያደርጋል? ፀሐይ በልመና በምትወጣበት አገር።”

እሳቸውም ፋሲካ ይድረስ አሉት። ከፋሲካ በኋላ ይቆረጣል ተባለ።

የዲላ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ወደ ቡሌ እየወጡ በገበሬ ማሰልጠኛው ስለ ድንች ዘርና ስለ ነጭ ሽንኩርት በሽታ ማስተማር ከጀመሩ ቆይተዋል። ከመካከላቸው ሀዊ የምትባል የወለጋ ልጅ፣ የአትክልትና ፍራፍሬ መምህርት፣ ከትምህርቱ በኋላ ጓሮ ያላቸውን ሴቶች በየቤታቸው ትዞራለች። ጥር ላይ የመሰለችን ጎመን ልታይ መጣች። መሰለች በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች።

“መምህርት፣ የዛፍ ሐኪም መጥታልሻለች። ያን መካን ዛፍሽን አሳዪያት።”

ሀዊ ዛፉን ዞረችው። ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርጋ አየችና፣ ቅጠሉ ረግፎ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀች። ወይዘሮ ውዳሴ በኩራት፣ አንድም ቀን አሉ።

“እትዬ፣ ነገሩ እሱ ነው” አለች ሀዊ። “ይሄ ዛፍ ተኝቶ አያውቅም።”

ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። የዛፉ ወገኖች አገር ብርዱ የከፋ ነው፤ እዚያ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፣ ሲነቃ ያብባል። የቡሌ ብርድ ያንጎላጀዋል እንጂ አያስተኛውም። ስለዚህ በደረቁ ወራት ሰው ቅጠሉን በእጁ ያራግፍለታል፤ ያኔ የተኛ ይመስለውና ጊዜው ሲደርስ ይነቃል። ደግሞም ለብቻው አያፈራም፤ ንብ ከሌላ ዓይነት አፕል የአበባ ዱቄት ልታመጣለት ይገባል። ይህን ስትል ዓይኗ አጥሩን ተሻገረ። የመሰለች ዛፍ ቅጠሉ ለየት ይላል።

“ሁለቱን አጠጋግቶ የተከለው ማን ነው?” ብላ ጠየቀች።

“ባለቤቴ” አሉ ወይዘሮ ውዳሴ። ያ የድሮ ኩርፊያቸው ትዝ አላቸው።

“እንደሚያብብ እርግጠኛ ነሽ ልጄ?” አሉ።

“አይደለሁም። አምና ላይኛው ቀበሌ ሞክረን አንዳንዱ አበበ፣ አንዳንዱ እምቢ አለ። ሁለቱም ዛፎች ግን በአንድ ሰሞን መራገፍ አለባቸው፣ አንድ ላይ እንዲነቁ።”

በማግስቱ ሀዊ ከቅጠሉ ሥር ያለችው እንቡጥ እንዳትጎዳ እንዴት እንደሚነቀል አሳይታቸው ሄደች። ሁለቱ ሴቶች በአጥሩ ወዲህና ወዲያ ሆነው ያራግፉ ጀመር። ለምለም ቅጠል መንቀል ለእጅ ይከብዳል። ወይዘሮ ውዳሴ በባላቸው ሐዘን እህታቸው ጠጉራቸውን የላጨችበት ቀን መጣባቸው፤ ያን ጊዜም እንዲህ ዝም ብሎ እየረገፈ ጭናቸው ላይ ይወድቅ ነበር። በመንገድ የሚያልፈው ሰው ቆሞ ያያል። መሰለችም፣ ጋሽ ተክሌ ከሰማይ ቢያዩን የሚከሱት እኔን ነው አለች።

ዛፉ ራቁቱን በቀረ ጊዜ ያልታሰበ ነገር ሆነ። ቅጠል ጋርዶት የነበረው ብርሃን በመስኮቱ ገብቶ አልጋው ላይ ተኛ። ወይዘሮ ውዳሴ ከቀትር በኋላ እዚያው አልጋ ጫፍ ላይ እየተቀመጡ ሸለብ ያደርጋቸው ጀመር። በሕልማቸው ተክለማርያም ከዛፉ ሥር ቆመው፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው፣ መላውን ሰፈር ዝም ሲያሰኙ ያያሉ። ሲነቁ ግን የሚያዩት ደረቅ እንጨት ነው፤ ልባቸውም ገድየው ይሆን ይላል።

ሁዳዴ ሳይጋመስ መልከጼዴቅ ሳይጠበቅ መጣ። ግንበኛ ተገኝቶለት ይዞት ነው የመጣው። ጓሮ ገብቶ ዛፉን ሲያይ ቆመ።

“ይኸው፣ ራሱ ደረቀ። ተገላገልን።”

“አልደረቀም” አሉ እናቱ በሹክሹክታ። “ተኝቷል። ድምፅህን ዝቅ አድርግ።”

መልከጼዴቅ ሊስቅ አለና የእናቱን ፊት አይቶ ተወው። ግንበኛው የጌዴኦ ሽማግሌ ነበር፤ ዛፉንም እሳቸውንም ተመለከተና የዘረጋውን ሜትር ቀስ አድርጎ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

“የተኛ ነገር ላይ አይለካም” አለ፣ እሱም በሹክሹክታ።

መልከጼዴቅ እሺ፣ ፋሲካ ብለናል፣ ፋሲካ ይሁን አለ። ወደ መኪናው ሲሄድ ለምን እንደሆነ ሳያውቀው እሱም በእግሩ ጣት ነበር የሚራመደው።

ከጥቂት ካፊያ በኋላ የመሰለች ዛፍ አበበ። የወይዘሮ ውዳሴ እንደተኛ ነው። መሰለች በየጠዋቱ በአጥሩ ላይ ታሾፋለች፤ የመምህርት ዛፍ ክፍል ውስጥ ተኝቶ የቀረ ሰነፍ ተማሪ ነው ትላለች። እሳቸው ይስቃሉ፤ ገብተው ግን ቀኑን ይቆጥራሉ፤ የመሰለች አበባ ከረገፈ የእሳቸው ቢነቃም ለብቻው ነው።

አንድ ማለዳ ጉሙ እንደ ወትሮው ጓሮውን ሞልቶታል። ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ፣ እጃቸውን ዘረጉ። ጣታቸውን የነካው ቅጠል አልነበረም። ከቅጠል የሳሳ፣ ከቅጠል የለሰለሰ ነገር ነው። ጉሙ ገለጥ እስኪል እጃቸውን ሳያንቀሳቅሱ ቆሙ። ነጭ ነው፤ ጫፉ ላይ ጽጌረዳ የነካው ይመስላል። ፀሐይ ስትወጣ ንቦች በአጥሩ ላይ ይመላለሱ ጀመር፤ ከወዲያ ወዲህ፣ ከወዲህ ወዲያ።

ወደ ቤት ገብተው ለልጃቸው ደወሉ። መልኬ፣ ነቅቷል አሉት። እሱም ክፍሉ ከጓሮው ይልቅ በውጭው በር በኩል ቢሠራስ ብሎ ጠየቃቸው። ስልኩን ዘግተው ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

“አለው” አሉ፣ ድምፃቸውን ሳይደብቁ። “ዛሬ አለው።”

መሰለች ከአጥሩ ማዶ ሰማቻቸው። ማንን እንደሚያናግሩ ጠየቀች። የራሴን ሰው ነው አሏት።

“እንግዲያው” አለች መሰለች፣ “የኔ ቀድሞ ማበቡንም አብረሽ ንገሪልኝ።”