ለሽምግልና የሄደችው አሮጌ መኪና

ዛሬ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰው፣ አብነት ሰፈር መሃል መንገድ ላይ የመኪና ኮፈን ከፍተው አንገታቸውን ቀብረው ነበር።

አንዱ አባቴ ነው። ወንድሜ ሊያገባት ወዳሰባት ልጅ ቤት ሽማግሌ ሆነው እየሄዱ ነበር፤ ቤቱን የማሳየው እኔ ነኝ። የወንድሜ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ቀጥ አለብን።

«ሞተር የሚያስነሳው ካንዴላ የት አለ?» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የአባቴ ጓደኛ ጋሽ ታደሰ።

«የለውም» አልኳቸው።

«ምን ማለት ነው የለውም? ሰርቀውት ነው?»

ጋራዥ ስንደውል «አትንኩት፣ ኮምፒውተር ይዘን እንመጣለን» አሉን። ሽማግሌ ደግሞ አያረፍድም።

ጋሽ ታደሰ ልደታ ቤታቸው ተመልሰው አሮጌ መኪናቸውን አመጡ። እሷም ሜክሲኮ አደባባይ ስንደርስ ቆመች። እሳቸው ግን ካንዴላውን ፈትተው፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው መለሱት፤ ተነሳች። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም።

ቤቱ ስንደርስ የልጅቷ አባት ሊጨብጧቸው ሲሉ ጋሽ ታደሰ የእጃቸውን አንጓ ሰጧቸው። ጣታቸው ጥላሸት ነዋ።

አባትየው ጎንበስ ብለው አዩና «ካንዴላ ነው?» አሉ።

የተጠናው ንግግር ሁሉ ተረሳ። ስለ መኪና ግማሽ ሰዓት ከተወራ በኋላ፣ የመጡት ልጅ ሊጠይቁ እንደሆነ በሳል ያስታወስኳቸው እኔ ነኝ።

ለመልሱ እሁድ እንድንመለስ ተቀጥረናል። አባትየው በአሮጌዋ መኪና ኑ ብለዋል።

እናንተስ ቤት፣ የአዲስ መኪና ኮፈን ከፍቶ የሚነካው ያጣ አባት አለ? ጻፉልኝ፣ ለአባቴ አነብለታለሁ።