እህቴ ለሁለተኛ ጊዜ ትምህርት ስትተው

እህቴ በርበሬ ነጋዴ ነበረች። ከማረቆ የሚመጣውን ዛላ በርበሬ በጆንያ እየተረከበች ቡታጅራ ገበያ ላይ በኪሎ ትሸጣለች። እናታችን ስትሞት እሷ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሳ ነበር፤ እኔ ገና ፊደል እቆጥራለሁ። አባታችን ቀድሞ ሞቷል። ማን ይማር፣ ማን ይሥራ ብሎ የመከረ ዘመድ አልነበረም። ማንም ምንም ሳይላት ደብተሯን አስቀምጣ ገበያ ወጣች። የዚያን ጊዜ ሐዘኗን አላስታውስም። የማስታውሰው ልብሴ በርበሬ በርበሬ ስለሚሸት ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጡት ልጆች ያስነጥሱ እንደነበር ነው።

በዚያ በርበሬ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረስኩ፤ በዚያው በርበሬ መምህራን ማሰልጠኛ ገባሁ። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ እዚያው ቡታጅራ አንድ ትምህርት ቤት ተቀጠርኩ። ቀን ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል አስተምራለሁ፤ ማታ ደግሞ ሥራ ውለው የሚመጡ ዘበኞችን፣ የቤት ሠራተኞችንና የሱቅ ልጆችን። ከእህቴ ጋር ሁለት ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። ክራቫት ማሰር የጀመርኩት ያኔ ነው። የገዛችልኝም እሷ ናት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እኔ የፈተና ወረቀት አርማለሁ፣ እሷ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ በርበሬ ትቀነጥሳለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በጉራግኛ ነው።

«ጠይቂኝ እትዬ።»

«የወልቂጤው ሰውዬ እንደገና ሽማግሌ ልኳል።»

ሰውየውን አውቀዋለሁ። ወልቂጤ ላይ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጥ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ረጋ ያለ ሰው ነው።

«እና ምን አሰብሽ?»

«መጥፎ ሰው አይደለም። ግን እኔ…» ሳቋን ልትሸፍን እጇን አፏ ላይ ስታደርግ በርበሬው አስነጠሳት። አይኗን በክንዷ ጠርጋ ቀጠለች። «እኔ መማር ነው የምፈልገው። በማታው፣ ከሰባተኛ ክፍል ልጀምር። ሠላሳ ዓመቴ እየመጣ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አላህ ፊት ቆሜ ምን ሠራሽ ስባል፣ በርበሬ ሸጥኩ ብቻ እንዳልል ነው። አንተ አስተማሪ ነህ። የሚሆንልኝ ይመስልሃል? ወላሂ በልና እውነቱን ንገረኝ።»

እውነቱን ለመናገር፣ ይሆንላታል ወይስ አይሆንላትም የሚለው ጥያቄ በአእምሮዬ አላለፈም። እንደሚሆንላት አውቃለሁ። ሚዛኑ ሳይረጋ ሒሳቡን በቃሏ የምትጨርስ ሰው ናት። እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። የማታው ክፍል ውስጥ ፊት ወንበር ላይ ስትቀመጥ፣ በተሰባበረ አማርኛዋ ስትጠይቀኝ፣ ከቀሚሷ የሚመጣው ሽታ ክፍሉን ሁሉ ሲያስነጥሰው፣ በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል በር ላይ ቆማ በቤት ስሜ ስትጠራኝ ታየኝ። ይህ ሁሉ አንድ በርበሬ እስክትቀነጥስ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

«ይከብድሻል» አልኳት። «ወላሂ፣ ለአንቺው ብዬ ነው። እንግሊዝኛው ብቻ ያደክምሻል። ሰውየው ጥሩ ሰው ነው፤ ቤት ያዢ። ቁም ነገር መሥራት ማለት መማር ብቻ አይደለም።»

ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እንደ አዋቂ ነው የተናገርኩት። በአላህ ስም ማልኩ። እሷም «እሺ» ብላ ወደ በርበሬዋ ተመለሰች።

መስከረም ላይ ግን ለምዝገባ መጣች።

እኔና ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ አንድ ባልደረባዬ ጠረጴዛ አውጥተን የማታ ተማሪዎችን እየመዘገብን ነበር። ቀና ስል ሰልፉ ውስጥ አየኋት። የዒድ ቀሚሷን ለብሳለች፤ ሻሿ አዲስ ነው፤ በፌስታል የጠቀለለችውን የስድስተኛ ክፍል ካርዷን ደረቷ ላይ ይዛለች። ከፊቷ ሦስት ሰዎች ብቻ ቀርተዋል። ስታየኝ ፈገግ አለች፤ እንደ አጥፊ ልጅ፣ እንደ መለመን ያለ ፈገግታ።

ባልደረባዬ በክርኑ ነካ አደረገኝ። «ያቺ ሴትዮ ትስቅልሃለች። ታውቃታለህ እንዴ?»

«የሰፈራችን ሴት ናት» አልኩት። «በርበሬ የምታመጣልን።»

እህቴን አማርኛ መናገር ነው እንጂ የሚያቅታት፣ መስማት አያቅታትም። ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም፤ ፊቷ ላይ እንዳለ ትንሽ ቆየ። ከዚያ አንድ ነገር ቤት እንደረሳ ሰው ዞር ዞር ብላ አየችና ከሰልፉ ወጣች። በግቢው በር ስትወጣ እስክሪብቶዬ እጄ ላይ ነበር። መነሳት እችል ነበር። የሚቀጥለውን ሰው ስም ጻፍኩ።

ቤት ስገባ ቆጮና ጎመን አቀረበችልኝ። እንደወትሮው አብረን በላን። እጇን ስትታጠብ «ሽማግሌዎቹን እሺ ብላለች በልልኝ» አለችኝ።

እኔም «ደግ አደረግሽ» አልኩ።

ኒካዋ ታሰረና ወልቂጤ ገባች። ልጆች ወለደች፤ የባሏን ሱቅ እስከማስተዳደር ደረሰች። እኔም አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ርእሰ መምህር ሆንኩ። ሰኔ በመጣ ቁጥር በመዝጊያው በዓል ላይ ለተማሪዎችና ለወላጆች ንግግር አደርጋለሁ። ንግግሬ ስለ ዓላማ ነው፤ ለሰው ስለመኖር ነው። ሁልጊዜም «እኔን ለማስተማር ስትል ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቷን የተወች እህት አለችኝ» የሚል ቦታ ላይ ስደርስ እናቶች በሻሻቸው አይናቸውን ይጠርጋሉ፤ ይጨበጨብልኛል። አንድ ዓመት እኔም አለቀስኩ። እንባው የውሸት አልነበረም። አሁን ሳስበው ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው።

ከዓመታት በኋላ እህቴ ስልክ ደወለች። «ልጅቷ የአሥረኛ ክፍል ውጤቷ መጥቷል። መሰናዶ ልግባ፣ ቴክኒክና ሙያ ልግባ እያለች ነው። መጥተህ አነጋግራት።»

በአረቅጥ በኩል በሚያልፈው ሚኒባስ ሄድኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምክር መጠየቅ እወዳለሁ። ባሏ በደንብ ተቀበለኝና ለዙህር ሶላት ወደ መስጊድ ወጣ። እኛ ሦስታችን ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ተቀመጥን። ልጅቷ የኤሌክትሪክ ሥራ መማር እንደምትፈልግ፣ ውጤቷ ግን መሰናዶም እንደሚያስገባት ነገረችኝ። ጉሮሮዬን ጠራርጌ «ልጄ፣ ለአንቺ ብዬ ነው የምልሽ» ብዬ ስጀምር እህቴ አቋረጠችኝ።

«ቆይ» አለች። ልጅቷን ሱቅ እንድትጠብቅ ላከቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ያኔ አፍረህብኝ ነበር፣ አይደል?»

የቱን ጊዜ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። «እትዬ፣ ያኔ እኮ ልጅ ነበርኩ» አልኩ።

«ልጅ አልነበርክም። ክራቫት አስረህ ነበር።»

ከሱቁ በኩል ልጅቷ ከገዢ ጋር ስትከራከር ይሰማል። ዞሮ ዞሮ መናገር ነበረብኝ።

«አዎ» አልኩ። «አፍሬብሽ ነበር። በበርበሬው ሽታ። በአማርኛሽ። የማልኩትም በውሸት ነው።»

አላለቀሰችም፤ አልጮኸችብኝም። «ባሌ ክፉ ቢሆን ኖሮ እረግምህ ነበር» አለች። «አልሐምዱሊላህ፣ ደግ ሰው ነው። ግን መርጬው አይደለም የመጣሁት። ከአንተ ሸሽቼ ነው። እሱ ይህን አያውቅም፤ እኔ ግን ስንት ዓመት ሙሉ አውቀዋለሁ።»

ከዚያ ቀጠለች።

«ደግሞ በየዓመቱ በንግግርህ ታነሳኛለህ አሉ። ከዚያ የመጣ ሰው ነገረኝ። እኔ ትምህርት የተውኩት ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን ወድጄ ነው፤ ጭብጨባም አያስፈልገውም። ሁለተኛውን ለምን አትናገረውም?»

እንደሚሰምጥ ሰው ያገኘሁትን ያዝኩ። «እትዬ፣ አሁንም አልረፈደም። እዚሁ ወልቂጤ አስመዘግብሻለሁ፤ መጽሐፉንም ሁሉንም እኔ…»

«አሁን አልፈልግም» አለች። «ያኔ ነበር የፈለግኩት። አንተን እንዲቀልህ ብዬ አልማርም።»

ልጅቷ ተመልሳ ስትገባ የማስበውን እንዳለ ነገርኳት። «እኔ መሰናዶ ግቢ ነው የምለው። ግን የእህቴ ልጅ የመብራት ምሰሶ ላይ ወጣች ሲባል ስለማፍር ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ አይደለሁም።» ልጅቷ ሳቀች። እናቷ አልሳቀችም፤ ግን ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ልጅቷ ኤሌክትሪኩን መረጠች። ዛሬ ወልቂጤ ላይ በየአዲሱ ቤት መስመር የምትዘረጋው እሷ ናት፤ ሥራዋን ስታወራ ፊቷን ማየት ደስ ይላል።

ከእህቴ ጋር ከተነጋገርን በኋላ በመጣው ሰኔ ንግግር ሳደርግ ሁለተኛውንም ልናገር ወስኜ ነበር። ቆሜ ጀመርኩ። «እህቴ ከዓመታት በኋላ እንደገና ልትማር ተነስታ ነበር። ያስቆማት ሰው አለ» አልኩ። የወላጆቹ ፊት ላይ ቁጣ አየሁ። የዚያን ሰው ማንነት ሳልናገር ሽልማት ወደ ማደሉ አለፍኩ።

ሕዝቡ ሲበተን አንድ ወጣት መምህር ለስላሳ ይዞልኝ መጣ። ከሚያከብሩኝ ልጆች አንዱ ነው፤ ሥራ ልቀይር፣ ላግባ እያለ ያማክረኝ ነበር። «ባልየው ነው አይደል?» አለኝ በንዴት። «እንዲህ ዓይነት ወንዶች!»

ያ ደግ ሰው ወልቂጤ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ በማያውቀው ነገር ሲሰደብ ቆሜ መስማቴ ነበር።

«ባሏ አይደለም» አልኩት። «እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። አልሳቅኩም። በሰልፉ ላይ ያልኩትን እንዳለ ነገርኩት፤ «በርበሬ የምታመጣልን» ያልኩትንም ሳልተው። ጠርሙሱን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረና መሬት አየ። ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ብሎ ተሰናበተኝ።

ከዚያ በኋላ ያ ልጅ ምክር ሊጠይቀኝ መጥቶ አያውቅም። አልፈረድኩበትም። ሰላምታችን ግን አልተቋረጠም።