የሰዓዳ ድምፅ የነበረበት ኮምፒውተር

ባለፈው ሳምንት ደሴ፣ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ፣ አንድ ጎልማሳ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ በመዳፉ ይዞ ከፍ ዝቅ ሲያደርግ አየሁት። «ይሄ ይሻላል፤ ክብደት አለው» አለ። ከእጁ ላስጥለው ምንም አልቀረኝ። «ወንድሜ፣ መጀመሪያ አስከፍተህ እየው» ስለው ሳቀብኝ። ከሱቁ ስወጣ እግሬ ደሴ፣ ልቤ መካነ ሰላም ነበር።

ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። መካነ ሰላም ገበያው ዳር ማመልከቻ የምጽፍባት ጠባብ ክፍልና አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረኝ። ከደንበኞቼ ሁሉ የማልረሳቸው እትዬ ዘይነባን ነው። ልጃቸው ሰዓዳ ጅዳ እንደገባች ድምፅዋን በካሴት ቀድታ ላከችላቸው፤ ከዚያ ወዲያ ወሬዋ ጠፋ። ካሴቱን ወደ ኮምፒውተሬ ገልብጬላቸው ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ዋናውን ቴፑ በላው። በየገበያው ቀን ሻሻቸውን አስተካክለው ይቀመጡና፣ «እስቲ ልጄን አምጪልኝ» ይሉኛል። «እማ፣ ላሚቱ ወለደች ወይ?» ትላለች ሰዓዳ፤ ትንሽ ትስልና ትቀጥላለች።

አንድ ቀን ኮምፒውተሩ አልነሣም አለ። ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ለውስጥ ዕቃው የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ደክሟል ተባልኩና ሌላ ልገዛ ደሴ ወረድኩ። የመስከረም ማለቂያ ነበር። አቀስታ ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሚኒባሱ ቀስ እያለ ሲሄድ፣ የእርጥብ ገብስ ሽታ በመስኮቱ ይገባል። አጠገቤ የነበሩ ሴት የተጠበሰ እሸት ዘግነው ሰጡኝ። እሸቱን እያሸሁ፣ በዚህ ዓለም የማይጠገን ነገር ያለ አልመሰለኝም።

ሻጩ ሁለት አቀረበልኝ። «ቀለል የሚለውን ውሰጂ፤ እሱን አውቀዋለሁ። ይሄኛውን ግን ከየት እንዳመጡት እንጃ» አለኝ። እኛ አገር ዶሮ እንኳ በእጅ ሳትመዘን አትገዛም። እኔም ሁለቱን አነሣሁና ሰውየው ያልተሸጠለትን ሊያራግፍብኝ ነው ብዬ ከባዱን ገዛሁ። ብልጥ መሆኔ ነው!

ሁለት ቀን ሠራ። በሦስተኛው፣ በገበያው ቀን፣ እትዬ ዘይነባ እያዳመጡ፣ ሰዓዳ ስለ ላሚቱ ልትጠይቅ ስትል ጧ አለና ጭስ ክፍሉን ሞላው። የከተማው ጠጋኝ መጥቶ ሳጥኑን ሲከፍተው፣ ሽቦው እንደ ክር የቀጠነ፣ መከላከያ የሚባል ነገር የሌለው፣ ጥጉ ላይ ግን ድብልብል ሲሚንቶ የተለጠፈበት ሆኖ ተገኘ። «ክብደቱ ይሄ ነው» አለኝ። «ድምፁ ያለበትን ዲስክም አቃጥሎታል፤ አይመለስም።»

ማልቀስ ጀመርኩ። እትዬ ዘይነባ እጄን ያዙና ገለባበጡት።

«አቃጠለሽ እንዴ?»

«እኔን አይደለም፣ እትዬ። የሰዓዳን ድምፅ አጠፋሁብዎት።»

እጄን ለቀው ሻሻቸውን አስተካከሉ። «አብሽሪ ልጄ፤ በቃሌ ይዤዋለሁ» አሉና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሰላምታውን፣ የጎረቤቱን ስም በየተራ፣ ላሚቱን። ልጅቱ የሳለችበት ቦታ ሲደርሱ ትንሽ ሳሉና ቀጠሉ። ጠጋኙ መፍቻውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

እትዬ ዘይነባ ካረፉ ቆዩ፤ ሰዓዳም አልተመለሰች። ፓወር ሰፕላይ ለሚገዛ ሁሉ ውስጡን አሳዩኝ በል እያልኩ እመክራለሁ፤ የሚሰማኝም ጥቂት አይደለም። ግን ጸጸቱ አለቀቀኝም። አንዳንዴ ጉም ሲወርድ የሰዓዳን ድምፅ ላስታውስ ዓይኔን እጨፍናለሁ። «እማ» ይለኛል፤ የሚመጣልኝ ግን የእናቷ ድምፅ ነው።