የግብ ጠባቂው አረንጓዴ ማሊያ

ቡድን ወይ ያሸንፋል ወይ ይሸነፋል። የእኛ ቡድን ሁለቱንም አያውቅበትም። «የእኛ» ስል ኳስ ተጫዋች እንዳልመስላችሁ፤ ልብስ አጣቢ ነኝ። በአረብ አገር፣ ከጂዛን ወደ ጡዋል ድንበር በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ደመወዝ እየከፈለ የሚያጫውት የእግር ኳስ ክለብ አለ። የዚያ ክለብ ማሊያ፣ ካልሲና ፎጣ ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ያለፈው በእኔ እጅ ነው። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ላይ የተጻፈው «ዓሚል» የሚል ነው፣ ሠራተኛ ማለት። ዘጠና ደቂቃ ላቡ የእነሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ የእኔ ነው።

ባለፈው የውድድር ዘመን ግን ያንን ላብ ማጠብ እንኳ ተከለከልኩ። ወደዚያ እመጣለሁ። መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር።

የልጄን የሠርግ ቀን የቆረጥኩት በጨዋታ መርሐ ግብር ነው። አዎ፣ በኳስ። ወሎ ትቻት ስመጣ የፊት ጥርሶቿ ገና እየወለቁ ነበር፤ አሁን ሽማግሌ ተላከባት። ታናሽ ወንድሜ ደውሎ «ቀኑን አንተ ቁረጥ፣ ካልመጣህ አንድርም» ሲለኝ ሮጬ ወደ ክለቡ ሙዲር፣ ወደ ሥራ አስኪያጁ፣ ቢሮ ሄድኩ። ግድግዳው ላይ የዓመቱ መርሐ ግብር ተለጥፏል። በጣቴ ወደ ታች ወርጄ የመጨረሻውን ጨዋታ አገኘሁና ከእሱ በኋላ ያለውን ሁለተኛውን ሐሙስ መረጥኩ። ልብሱን አጥቤ፣ ቆጥሬ፣ ቆልፌ ለመሄድ ይበቃኛል ብዬ አሰብኩ። ወንድሜም ቀኑን ለሙሽራው ቤተሰብ ነገራቸው፤ በሬ ተገዛ፣ ዘመድ ተጠራ። በእኛ በኩል ቀን ተቆርጦ ዘመድ ከተጠራ በኋላ ክረምት ሊገባ ሲል ማዛወር የሚባል ነገር የለም።

ያላወቅሁት አንድ ነገር ነበር። ከታች ሦስተኛ ሆኖ የጨረሰ ቡድን በሊጉ ለመቆየት ሁለት የማጣሪያ ጨዋታ ይጫወታል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ቡድናችን እዚያ ቦታ ላይ ቆሞ ስለማያውቅ ማንም ስለ ማጣሪያ አንስቶብኝ አያውቅም። ብጠይቅ ሙዲሩ ይነግረኝ ነበር። ግን ለሠርግ ቀን ብሎ የሊግ ደንብ የሚጠይቅ ሰው የት አለ?

ለምን መሄድ እንደፈለግሁ ላስረዳ። ኒካህ ሲታሰር የልጅቷ አባት የሙሽራውን እጅ ይጨብጥና «ልጄን ድሬልሃለሁ» ይላል። እሱም «ተቀብያለሁ» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን ለዚህች ልጅ ያደረግሁትን ሁሉ ያደረግሁት በስልክ ነው። ትምህርት ቤት ያስገባኋት በስልክ፣ ስታለቅስ ያባበልኳት በስልክ፣ ጎረምሳ ጋር ታየች ሲሉኝ የተቆጣኋት በስልክ ነው፤ ያ ጎረምሳ ነው አሁን የሚያገባት። ይህችን አንዷን ነገር በእጄ ላደርጋት ፈለግሁ።

እንግዲህ ቡድኑ ማድረግ የነበረበት ነገር ከባድ አልነበረም። መሐል ላይ ተቀምጦ እንደ ወትሮው ዓመቱን ቢጨርስ ይበቃኝ ነበር።

ሲጀምር ተሸነፈ። እሺ፣ ይሁን። ደጋግሞ ተሸነፈ። ከዚያ የሊጉ መሪ የሆነው ቡድን መጣና ሰው ሁሉ አፉን ሸፍኖ ሲጠብቅ ዜሮ ለዜሮ ወጣን። ግብ ጠባቂያችን ከአድ-ዳኢር ተራራ የወረደ፣ እጁ ረጅም፣ ንግግሩ አጭር የሆነ ወጣት ነው። የዚያን ቀን ያላዳነው ኳስ አልነበረም። ሙዲሩ ደስታው ልክ አጥቶ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ድረስ መጣና የግብ ጠባቂውን አረንጓዴ ማሊያ ከማሽኑ ውስጥ መዞ አወጣ።

«ያ ዐም፣ እስክንሸነፍ ድረስ ይህችን ውሃ አይንካት። ፋህም?»

«ፋህም» አልኩ፣ ገብቶኛል እንደማለት። ክለቡ ውስጥ ሁሉም «ዐም»፣ አጎቴ፣ ነው የሚሉኝ። እንደ ልማዳችን በሚቀጥለው ሳምንት እንሸነፋለን፣ አጥባታለሁ ብዬ ነበር።

አልተሸነፍንም። አላሸነፍንምም። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ለአንድ፣ በሚከተለው ሁለት ለሁለት ወጣን። ሁለት ለሁለቱን ሳስታውሰው እስካሁን ደሜ ይፈላል፤ ሁለት ለዜሮ እየመራን ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ተከላካዮቻችን እንደ ደህና እንግዳ ተቀባይ መንገድ ለቀው ቆሙ። ከሠንጠረዡ ግርጌ ካለው ቡድን ጋር ስንጫወት ፍጹም ቅጣት ምት አገኘን። ከምዕራብ አፍሪካ የመጣው አጥቂያችን ኳሷን አስቀመጠ፣ ወደ ኋላ ሄደ፣ ሮጦ መጣ፣ ከአጥር ውጭ ወዳለው የማንጎ እርሻ ላካት። ከማንጎዎቹ ሥር ፈልጌ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ያም ጨዋታ ዜሮ ለዜሮ አለቀ።

አንድ ክፍል አብሮኝ የሚኖር ወሎዬ አለ፣ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ትኩስ ዳቦ በብብቱ ይዞ ይገባና ጫማውን ሳያወልቅ ይጀምረኛል።

«እህ፣ ዛሬም ተዓዱል?»

ተዓዱል በዐረብኛ አቻ መውጣት ነው። ያን ዓመት ከ«አሰላሙ ዐለይኩም» ይልቅ ይህችን ቃል ነው የሰማሁት።

«ኸላስ፣ ተወኝ» እለዋለሁ።

«እኔስ እተውሃለሁ። አንተን ያገባህ ሠንጠረዡ አይደል፣ እሱ ይተውህ እንደሆነ እይ» ይልና ዳቦውን ይቆርስልኛል።

ማሊያዋ ደግሞ ከሳምንት ሳምንት እየባሰባት ሄደች። የጂዛንን ወበቅ የማያውቅ ሰው አይገባውም። እዚህ የታጠበ ልብስ እንኳ ባሕሩ በሚልከው እርጥበት ይሻግታል፤ እንኳን ላብ የጠጣ። ጨው ሠርታ ደረቷ ነጭ ካርታ መሰለ። ስትንጠለጠል አትታጠፍም፣ ትቆማለች። ግብ ጠባቂው ጨዋ ልጅ ነው፣ አፍንጫውን ይዞ ከመልበስ በቀር አላማረረም። አንድ ቀን የአገሩ ወንዶች ለሠርግ ራሳቸው ላይ የሚያስሩትን የጃስሚን አበባ አምጥቶ በላይዋ ጣል አደረገባት። አበባው በማግስቱ ጠወለገ፣ ሽታው ግን ንቅንቅ አላለም።

እንዲህ እንዲህ እያልን የመጨረሻው ሳምንት ደረሰ። አንድ ጨዋታ ቀረን፤ ሒሳቡንም ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ካሸነፍን ተርፈናል፣ ዓመቱ እዚያው ያልቃል፣ እኔም እሄዳለሁ። ከተሸነፍን እንወርዳለን፤ ክለብ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያሰናብተው የውጭ አገር ሠራተኛውን ነው፣ ሠርጉ ላይ እደርሳለሁ ግን መመለሻ የለኝም። አቻ ከወጣን ከታች ሦስተኛ ሆነን ማጣሪያ እንጫወታለን። የማጣሪያው የመጀመሪያ ጨዋታ ደግሞ መቼ ቢሆን ጥሩ ነው? ሐሙስ። የእኔው ሐሙስ።

ሙዲሩ ዘንድ ገባሁ። ከአገር ወጥቼ የምመለስበትን ቪዛ የሚያወጣው እሱ ነው።

«ካሸነፍን የዚያኑ ቀን አወጣልሃለሁ» አለኝ። «ተዓዱል ከሆነ ግን አንተን ለቅቄ ማን ያጥባል?»

«ለሁለት ሳምንት የሚያጥብ ሰው ላምጣልህ፣ ያ ሙዲር። ያገሬ ልጆች አሉ።»

«ኢቃማ አላቸው?»

ድንበሩን በአል-ሙወሰም በኩል አቋርጠው መጥተው እርሻ ውስጥ የሚውሉ ስንት ጎበዞች አውቃለሁ፤ ከእኔ የተሻለ ያጥባሉ፣ ወረቀት ግን የላቸውም።

«እንግዲያው አንድ ነገር ፍቀድልኝ» አልኩት። «አረንጓዴዋን ልጠባት።»

«ያ ዐም፣ እሷ ተሸንፋ ታውቃለች?»

«አሸንፋስ ታውቃለች?»

እጁን አወናጨፈብኝ። «አትንካት» አለኝ።

እኔ በማሊያ ዕድል የማምን ሰው አይደለሁም። ግን ይህን ያህል ሳምንት አቻ ስትወጣ የኖረች ጨርቅ በዚያ ቀንም አቻ ልታወጣን መስቀያው ላይ ቆማ ሳያት ትዕግሥቴ አለቀ። በጨዋታው ዕለት ጧት፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ አጠብኳት። ሦስት ውሃ ለወጥኩ፤ ሦስቱም ጠቆሩ። እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ልብስ አጥቤ አላውቅም።

ከዚያ ነፋሱ ተነሣ። በዚህ ወቅት አቧራ የያዘ ነፋስ ሲነሣ ፊት ለፊት ያለ ሰው አይታይም፤ ውጭ ማስጣት ዘበት ነው። ቤት ውስጥ ማራገቢያ ፊት ሰቀልኳት። የቀትሩ የዙህር ሶላት ደረሰ፣ እርጥብ ናት። ቡድኑ ሊሰባሰብ ነው፣ እርጥብ ናት። ካውያውን አጋልኩ።

አሥራ አንድ ዓመት ማሊያ ያጠበ ሰው እንዲህ ያለ ስስ ጨርቅ ላይ የጋለ ካውያ አያሳርፍም። እኔ አሳረፍኩ። ቺ አለና ከደረቷ እስከ ብብቷ ተኮማተረች፣ የላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ካውያውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ራሴን በጥፊ ብመታው ደስ ባለኝ።

ግብ ጠባቂው ሲገባ አሳየሁት። በጣቱ ነካ አደረጋትና «ማ ዐለይሽ፣ ዐም» አለኝ፣ ግድ የለም እንደማለት። ከሣጥን የአምናውን የተጠባባቂውን ማሊያ አውጥቼ ሰጠሁት። ተጠባባቂው አጭር ሰው ነበር። ልጁ አጥልቆት እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ ትከሻው ላይ ያዘው። አየሁት። እሱም እንዳየሁት አየና ጓንቱን አጠለቀ።

ጨዋታው ተጀመረ። ያ የማንጎ አጥቂ ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በግንባሩ አገባ! አንድ ለዜሮ። ሰዓቱ ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ። መደበኛው ሰዓት ሲያልቅ ዳኛው ጥቂት ደቂቃ ጨመረ። እኔ ፎጣዎቹ አጠገብ ቁጭ ብዬ ለወንድሜ «እየመጣሁ ነው» ብዬ ጻፍኩና ላክሁ።

ከዚያ ከሩቅ የተመታች አንዲት ኳስ መጣች። ልጁ ዘለለ። ጣቱ ከኳሷ በታች ሲያልፍ ከተቀመጥኩበት ታየኝ፤ የቀረው የአንድ ጣት ስፋት ነው፣ ከዚያም አይበልጥም። ኳሷ መረብ ነካች። አንድ ለአንድ።

ሲወጡ ልጁ አጠገቤ ቆመና «ከፍ ያለች ኳስ ነበረች፣ ዐም» አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው ብያችኋለሁ። ሌላ ማሊያ ለብሶ ቢሆን ይደርስባት እንደነበር እሱም እኔም እርግጠኛ አይደለንም፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ሙዲሩ የተቃጠለችውን ማሊያ አንሥቶ «ሐራም ዐለይክ» አለኝ፣ ግፍ ሠራህብን እንደማለት፤ ከዚያ ወጣ። ስለ ቪዛ ማናችንም አላነሣንም።

ማጣሪያው ምን ሆነ ብትሉኝ ሁለቱንም አቻ ወጣን። በፍጹም ቅጣት ምት ተረፍን። ከተማው የመኪና ጡሩንባ በጡሩንባ ሆነ። እኔ ካልሲ እቆጥር ነበር።

ለአገር ቤት ግን «አረቡ ከለከለኝ» አልኩ። ለመናገር ቀላል፣ ለመስማትም የተለመደ ነው። አክስቶቼ ሙዲሩን በስሙ ሳያውቁት ረገሙት። እኔም ዝም ብዬ አስረገምኩት።

ሐሙስ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ውጭ ጨዋታው ሊጀመር ሲል፣ ማጠቢያ ክፍሉን ከውስጥ ዘግቼ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ሸኹ ጠየቁኝ፤ «ወንድሜን ወክያለሁ፣ እሱ ይዳርልኝ» አልኩ። የወንድሜን ድምፅ ሰማሁ። የሙሽራውንም «ተቀብያለሁ» ሰማሁ። ባዶው እጄ ምን እንደሚይዝ ጠፍቶት የማሽኑን ክዳን ጨብጦ ነበር። እልልታው ሲቀልጥ ስልኩን ለልጄ ሰጧት።

«አባዬ፣ አላህ ይይላቸው» አለችኝ እያለቀሰች። «ለአንድ ሳምንት ቢለቁህ ምን ነበረበት?»

ልተወው ነበር። ግን በሠርጓ ቀን ውሸት ልሰጣት አቃተኝ።

«እነሱ አይደሉም» አልኳት። «ቀኑንም ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ማሊያውንም ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።» ማጠቡን፣ ነፋሱን፣ ካውያውን፣ ኳሷን፣ ሁሉንም ነገርኳት።

እልልታው ከበስተኋላዋ ቀጥሏል።

«አሥራ አንድ ዓመት አንዲት ልብስ አቃጥለህ አታውቅም» አለችኝ። «ምን አስቸኮለህ?»

«ልመጣ ነዋ» አልኳት።