ጥንድ ያጣው አምሳሉ

ክረምትን ከበጋ የሚያፈራርቅ፣ የተበተነውንም የሚሰበስብ የእግዚአብሔር ስም ከሁሉ አስቀድሞ የተመሰገነ ይሁን። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ፣ የነዳጅ ዋጋ ወድቆ እዚህ ካልጋሪ ከየቤቱ አንድ ሰው ሥራ በፈታበት ዓመት፣ የደብራችን ወጣቶች ስለ ቤዝቦል ቡድናቸው ያነሡት ክርክር ነው።

ከቅዳሴ በኋላ በምድር ቤቱ አዳራሽ ተቀምጠን ሳለ ነገሩን ወደ እኔ አመጡት። ዮናስ የተባለው ጎበዝ ኳስ ወርዋሪያቸው ከሁለት ዓመት በፊት የተሻለ ሜዳና መለያ ወዳለው ቡድን ጥሏቸው ሄዶ ነበር። አሁን ከነዳጅ ሥራው ተቀንሶ፣ ያም ቡድን ፈርሶበት፣ “ልመለስ ወይ?” ሲል መልእክት ልኮላቸዋል።

“ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ” አለኝ ሳምሶን። የቡድኑ አለቃ እርሱ ነው፤ ሰንሪጅ የገበያ አዳራሽ ካሉት ሱቆች በአንዱ ጫማ ይሸጣል። “ፋይናል ላይ እኮ ያሸነፈን እሱ ራሱ ነው። አሁን ሌይኦፍ ሲሆን ትዝ አልነው?”

“አንተ ደግሞ!” አለችው እኅቱ ሄለን። “ያለ እሱ አሥራ አራት ለዜሮ ነው የተበላነው። አንተ ስትወረውራት ኳሷ ካስልሪጅ ሰፈር ሄዳ ነው የምትወድቀው።”

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ሳቁን መጋራት አልቻልሁም፤ ልቤ ሌላ ሜዳ ላይ ነበር።

ልጅ እያለሁ፣ ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ በምትገኝ አነስተኛ ከተማ፣ በየኔታ እግር ሥር ዳዊት እደግም ነበር። አዝመራው ተሰብስቦ የነቢያት ጾም ሲገባ የገና ጨዋታ ልምምድ ይጀመራል። የወይራ በትር እንቆርጥና ጫፉን በትኩስ ረመጥ እያሞቅን እናጎብጠዋለን፤ የዚያ እርጥብ እንጨት ሽታ ከአዲስ ገለባ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ዛሬም ከአፍንጫዬ አልጠፋም። ሩሯን፣ ማለት ከእንጨት የተጠረበችውን ኳስ፣ እንደ አምሳሉ የሚመታት ልጅ አልነበረም። እርሱ ሲመታት ድምፅዋ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ነክቶ ይመለስ ነበር።

ለልምምድ ቡድን የምንከፍልበትም ሥርዓት ነበረን። ሁለት ሁለት ሆነን ራቅ እንልና በምስጢር ስም እናወጣለን፤ ከዚያ ተቃቅፈን ወደ ሁለቱ የቡድን አባቶች እንመጣና “ፀሐይ ወይስ ጨረቃ?” ብለን እንጠይቃለን። እነርሱም ማን ማን እንደሆነ ሳያውቁ በስሙ ብቻ ይመርጡናል። ጥንድ ያላገኘ ልጅ አይጫወትም፤ ሕጉ ይህ ነበር። የአምሳሉ ጥንድ ሁልጊዜም እኔ ነበርሁ።

እናቱ ስትሞት ላይ ሰፈር የሚኖረው አጎቱ ወሰደው። በዚያው ዓመት ገና ለላይ ሰፈር ተሰልፎ በእኛ በታች ሰፈሮች ላይ ሁለት ጊዜ አገባብን። እኛ የእናቱን ሞት ረስተን ግቦቹን ያዝንበት። በሚቀጥለው ዓመት ግን ውርጭ እህሉን መታው፤ አጎቱም የሚያበላው ቢያጣ እኛ ሰፈር ወደምትኖረው አክስቱ መለሰው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በትሩን ይዞ ሜዳው ላይ ብቅ አለ። ከመክሳቱ የተነሣ አንገቱ የረዘመ ይመስል ነበር። “የላይ ሰፈር ምሳ አለቀ እንዴ?” አለው አንዱ፤ ልጆቹ በሳቅ አውካኩ። እርሱ ወደ እኔ ብቻ እያየ ፈገግ አለ።

“ና እንጂ፣ ስም እናውጣ” አለኝ።

ልጆቹ ሁሉ የእኔን አፍ ይጠብቃሉ። “ጥንድ አለኝ” አልሁት። አልነበረኝም። ወዲያው አጠገቤ የቆመውን ልጅ ክንድ ይዤ ሄድሁ።

አምሳሉ በትሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ከቅጥሩ ሥር ተቀመጠ። በማግሥቱም መጥቶ እዚያው ተቀመጠ፤ በሦስተኛውም ቀን እንደዚሁ። በአራተኛው ቀን አልመጣም። አክስቱን ብንጠይቃት ከነጋዴዎች ጋር የጭነት አህዮች እየነዳ ወደ መተማ እንደወረደ ነገረችን። ከዚያ ወዲያ የሰማው ሰው የለም።

የኔታ ይህን ሲሰሙ ይገርፉኛል ብዬ ጀርባዬን አዘጋጅቼ ነበር። አልገረፉኝም። “ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጦ ሲያይህ፣ አንተ ዐይንህን የት አሳረፍኸው?” ብለው ብቻ ወደ መጽሐፋቸው ተመለሱ። ምነው በገረፉኝ! በገና ዕለት ያለ አምሳሉም አሸነፍን። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔም ከልጆቹ ጋር ዘለልሁ። እስከ ዛሬ ድረስ ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ያ መዝለሌ ነው።

ይህን ለወጣቶቹ ነገርኋቸው። ሳምሶን ስልኩን አውጥቶ ለዮናስ ደወለ፤ ሁላችንም እንድንሰማም ድምፁን ከፍ አደረገው።

“ዮኒ፣ ቅዳሜ ፕራክቲስ አለ። ቴምፕል፣ እዚያው ሜዳችን።”

“የመጫወቻ ጓንቴን እኮ ሸጥኩት” አለ ዮናስ።

“እኔ ሁለት አለኝ፣ ና ብቻ። ግን ስትመጣ መጀመሪያ እሰድብሃለሁ።”

“እሺ፣ ስደበኝ” አለ ዮናስ።

የዛሬ ልጆች አማርኛው ያጥራቸዋል፣ ዳዊትም አይደግሙም እያልን እናማቸዋለን። እኔ ዳዊትን በቃሌ እያወቅሁ ያላደረግሁትን እነርሱ በአንድ ሰንበት አደረጉት። በእኛ ዘመን ስልክ አልነበረም ብዬ ራሴን ለማጽናናት እሞክራለሁ፤ ነገር ግን በእነዚያ ሦስት ቀናት አምሳሉ ከእኔ የራቀው ሃያ እርምጃ ብቻ ነበር። ለጸሎት የቤተሰቤን ስም ጽፌ ለካህኑ ስሰጥ፣ የእርሱንም የክርስትና ስም፣ ገብረ ማርያምን፣ እጨምራለሁ። ወረቀቱ ሁለት ወገን አለው፤ በአንዱ በሕይወት ያሉት፣ በሌላው ያረፉት ይጻፋሉ። እርሱን ከየትኛው ወገን እንደምጽፈው፣ ሽበት ወርሶኝም፣ አላወቅሁም።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ የራቃችሁን ሰው ድምፃችሁ በሚደርስበት ሳለ የምትጠሩበትን አንደበት እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ቤታችሁንም የተመለሰ ሰው የማያፍርበት፣ ልጆቻችሁም በሰላም የሚያድጉበት ቤት ያድርግላችሁ። አሜን።