ተዋናዩ «እንብላ» ያለ ዕለት

በመጀመሪያው ቀን ድምፅ ማጉያውን ገልብጬ ያዝኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። የመካነ ሰላም ትምህርት ቤት ፊልም ተርጓሚዎች ትልልቆቹ ወንዶች ነበሩ፤ እነሱ ለዘመቻ ሲወጡ ሥራው ለእኔ ለሴቷ ደረሰኝ።

የሂሳብ መምህራችን ሚስተር ሱንዳረም የማድራስ ሰው ናቸው። የፊልሙን ጥቅል ማሽኑ ላይ ያጠልቃሉ፣ ጀነሬተሩን ያስነሳሉ፣ በአገራቸው ቋንቋ በታሚል የሚባለውን በእንግሊዝኛ በጆሮዬ ይነግሩኛል። እኔ በአማርኛ አሰማለሁ። ያልተባለ አይጨመርም።

ፊልሞቹ ሁሉ የአንድ ተዋናይ ነበሩ። «ከቲያትር ቡድን ጋር እየዞረ፣ እየተራበ ያደገ ነው» አሉኝ ሚስተር ሱንዳረም። «ዛሬ ቤቱ የሄደ ሰው ጉዳዩን ሳይናገር በፊት ይበላል። አባቴም በልቷል።»

ወደድኩት። ድምፄን አወፍሬ እሱን ስሆን፣ ወግዲ ወርደን ስናሳይ ገበያተኛው ያጨበጭብልኝ ነበር፤ ደስታዬን አልደብቅም።

ድርቁ ሲብስ ከከተማው ዳር ለተራቡት መጠለያ ተሠራ። የቀበሌው ሊቀመንበር «ፊልም አሳዩ፣ ሕዝቡ ይነቃቃ» አሉ። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ የዕርዳታው ገንፎ ገና እየተንተከተከ፣ ፊልሙ የሚታይበትን አቡጀዲ ወጠርን።

መሐል ላይ ተዋናዩ በሙዝ ቅጠል ሩዝ ቀረበለትና መብላት ጀመረ።

«ምነው፣ እንብላ አይልም እንዴ?» አለች አንዲት ሴት።

«ያሳደገው የለም» አለ ሌላው።

ተናደድኩ። እሱ እንዴት እንዲህ ይባላል? ሚስተር ሱንዳረም ምንም ሳይሉኝ፣ በዚያ በወፍራም ድምፄ «እንብላ ወገኖቼ፣ ቅረቡ» አልኩ።

ሁለት ሕፃናት ተነስተው ወደ አቡጀዲው ሄዱ።

አያታቸው ሸህ አሊ፣ ከወረኢሉ በኩል ይዘዋቸው የመጡት፣ በምርኩዛቸው ተደግፈው ቆሙ። ሥዕል መሆኑን አላጡትም። ለጋበዘ ሰው ግን መልስ ይገባዋል። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ።

«አላህ ይስጥልን። እኛ ጠግበናል በይልን፣ ልጄ። ልጆቹ ናቸው፣ አይፍረድባቸው።»

«ምን አሉ?» አሉኝ ሚስተር ሱንዳረም።

ተርጓሚ ነኝና ተረጎምኩ፤ የጨመርኩትንም ጭምር። አልተቆጡኝም። ማሽኑን አጠፉት።

«ተዋናዩ ራሱ ቢሆን» አሉ በቀስታ «ፊልሙን አያስጀምርም ነበር።»

ወደ ገንፎው ሄደው ጭልፋ ያዙ። እኔ ጣሳ አቀበልኩ። የሸህ አሊ ተራ ሲደርስ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ፤ እሳቸው ግን «ጎሽ፣ ድምፅሽ ያምራል» አሉኝ።

ሥራውን ለምትረከቢው፦ መጀመሪያ ድስቱ ባዶ ይሁን። ጀነሬተሩ ከዚያ ይነሳል።