ሚርያም ለአማቷ የተረጎመችው

ሚርያም የተቀጠረችው ካርድ ክፍል ነው። ሶዶ ውስጥ እሷ በምትሠራበት የግል ክሊኒክ ግን ሐኪሙ ከሌላ አገር ይመጣል፣ በሽተኛው ከገጠር ይመጣል፤ አንዱ አማርኛውን፣ ሌላው ወላይትኛውን ይዞ ሲፋጠጡ "ኧረ ሚርያምን ጥሩልን!" ይባላል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ስትጠራ ኖራለች። ስንቱ መርዶ በእሷ አፍ አልፏል! ታዲያ እንደ ወረደ አታሳልፈውም። ሐኪሙ "ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም" ሲል፣ እሷ "ቤታችሁ ገብታችሁ ጸልዩ፣ አይዟችሁ" ትላለች። "ነገርሻቸው?" ሲላት "ነገርኳቸው" ትላለች። ተንኮል የላትም፤ ሰው ፊቷ ላይ ሲያለቅስ ማየት አትችልም፣ በቃ። ሰዉም "አፏ ማር ነው" እያለ ይመርቃታል። እንዲህ ያለ ደግነት ግን ውሎ አድሮ ባለቤቱን ይበላል።

የቦዲቲ ልጅ ናት፤ ይህ ነገር ሲጀመር ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነበር። ሶርሳን ካገባች ዘጠኝ ዓመት አልፏታል፤ ልጅ ግን የለም። ሶርሳ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነው። የማይጠጣ፣ የማይቆጣ፣ እሁድ እሁድ ከመዘምራኑ ኋላ ቆሞ የሚዘምር ሰው። ለስድስት ዓመት እሷ ኪኒን ዋጠች፣ መርፌ ተወጋች፣ ማህፀኗ ውስጥ መድኃኒት ተጨምሮ ራጅ ተነሣች፤ መልሱ ሁልጊዜ "ምንም የለብሽም" ነበር። ሶርሳስ? ሶርሳ ደህና ነው፤ ማን እንዳለው እንጃ እንጂ ደህና ነው። በየዓመቱ የዘር ሕዋስን ከነጅራቱ ሰሌዳ ላይ እየሳለ ለስልሳ ተማሪ የሚያስረዳ ሰው፣ የራሱን ለላቦራቶሪ ለመስጠት ስድስት ዓመት ፈጀበት!

አምና በሚያዝያ ሰጠ። ዘሩ በጣም ጥቂት፣ ያውም ደካማ ሆኖ ተገኘ። እሷ የምትሠራበት ክሊኒክ የማህፀን ሐኪም ዶክተር ወልደመስቀል ሁለት መንገድ አሳያቸው። አንደኛው እዚሁ ሶዶ የሚሠራ ኦፕራሲዮን ነው፤ የሶርሳን የቆለጥ ደም ሥር አስሮ ዘሩ እስኪሻሻል መጠበቅ። ሁለተኛው አዲስ አበባ ሄዶ፣ ከእሷ እንቁላል ከእሱ ዘር አስወስዶ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ አገናኝተው ፅንሱን ማህፀኗ ውስጥ እንዲያስቀምጡላት ማድረግ። የመጀመሪያው ርካሽ ነው፣ ግን እስከ ዓመት ያስጠብቃል። ሁለተኛው ውድ ነው፣ ግን ጊዜ አይበላም። ሁለቱም ላይሳኩ ይችላሉ።

"ለአንቺ ደግሞ ከሁሉም ውዱ ጊዜ ነው" አላት ሐኪሙ። "የእንቁላልሽ ክምችት እየቀነሰ ነው። ዘንድሮውኑ ወስኑ።"

ሚርያም አዲስ አበባን መረጠች። ሟቹ አማቷ አቶ አንጁሎ ተክለውት የሄዱት ባሕር ዛፍ ካልተሸጠ ግን አዲስ አበባ የሚባል ነገር አይታሰብም፤ ዛፉ ላይ የሚያዙት ደግሞ የሶርሳ እናት ወይዘሮ አሳየሽ ናቸው። ክፉ ሴት አይደሉም። ወደ ከተማ በወጡ ቁጥር ለምራታቸው ከጓሯቸው የቆፈሩትን ቦዬ ተሸክመው ይመጣሉ፣ ስሟን ጠርተው ይጸልዩላታል። ገንዘቡ ለልጅ ማግኛ ሕክምና እንደሆነ ሲሰሙ፣ "ዛፉ ይቆረጥ፤ ግን ሐኪሙ የሚለውን በገዛ ጆሮዬ ልስማ" አሉ። በገዛ ጆሮዬ ይበሉ እንጂ አማርኛ አይሰሙም። ባልና ሚስቱም ችግሩ የማን እንደሆነ ከእኛ አፍ ከሚወጣ ሐኪሙ ይንገራቸው ብለው ተስማሙ።

ሦስቱም ሐኪሙ ፊት ተቀመጡ፤ አስተርጓሚዋ እንደ ወትሮው ሚርያም ናት። ዶክተር ወልደመስቀል በትሕትና ወደ ወይዘሮ አሳየሽ ዞረ።

"እናቴ፣ የሚርያም ማህፀን ጤነኛ ነው። ችግሩ ከልጅዎ በኩል ነው። ይህ ደግሞ በሽታ እንጂ ነውር አይደለም።"

"ምን አለ?" አሉ ወይዘሮ አሳየሽ።

ሚርያም ባሏን አየችው። ሶርሳ አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ክር ያያል፤ ግንባሩን ላብ አጥምቆታል። ከአራት ሴቶች በኋላ በስለት ያገኙት አንድ ወንድ ልጃቸው ነው፤ እናቱም ዓይናቸውን ከእሱ አልነቀሉም። የሚርያም አፍ የለመደውን አደረገ።

"ችግሩ ከእኔ ነው፣ እናቴ" አለች በወላይትኛ። "ማህፀኔ ደክሟል። አዲስ አበባ ከታከምኩ ግን ተስፋ አለ።"

ሶርሳ ቀና አለ። ሁለቱንም ቋንቋ ጠንቅቆ ያውቃል። አንድ ቃል ቢናገር ይበቃ ነበር፤ አልተናገረም።

"ነገርሻቸው?" አለ ሐኪሙ።

"ነገርኳቸው።"

ወይዘሮ አሳየሽ የምራታቸውን እጅ ይዘው አለቀሱ። አልተቆጡም። ሚርያም የተገላገለች መሰላት፤ ዛፉ ይሸጣል፣ አዲስ አበባ ይሄዳሉ፣ ልጅ ከተወለደ በኋላ ደግሞ ችግሩ የማን ነበር ብሎ ማን ይጠይቃል! በባጃጅ ወደ ቤት ሲመለሱ ሶርሳ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አላት። እንደዚያ ቀን ወዳው አታውቅም።

ሳምንት ሳይሞላ ከገጠር መልስ መጣ። ወይዘሮ አሳየሽ ከሴት ልጆቻቸው ጋር ተማክረው ነበር። "ለደከመ ማህፀን የአንጁሎን ዛፍ አላስቆርጥም። ልጄ ጤነኛ ነው፤ ዛፉ ለሚወለዱለት ልጆች ይቆይ" አሉ። ለልጃቸው መታከሚያ ቢሆን ኖሮ ዛፉን ብቻ ሳይሆን የቤታቸውን ቆርቆሮ ነቅለው ይሸጡ ነበር። ሚርያም ይህ የገባት ያን ጊዜ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

እሺ፣ ኦፕራሲዮኑስ? እሱ እንኳ ከደመወዛቸው ይወጣል። ሶርሳን ለመነችው።

"ምን ብዬ ልተኛላቸው?" አላት። "እናቴ ልትጠይቀኝ ትመጣለች፣ እህቶቼ ይመጣሉ። ችግሩ ከእኔ ነው ያልሽው አንቺ አይደለሽም?"

"ትርፍ አንጀት ነው በላቸው።"

"እኔ እናቴን አልዋሽም።"

ጉድ እኮ ነው! ዝም ማለት ለሶርሳ ውሸት አልነበረም። ትምህርት ሲዘጋ እናያለን አለ፤ ትምህርት ተዘጋ። መስቀል ይለፍ አለ፤ መስቀል አለፈ። በጥቅምት ሚርያም ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሞላት። የወር አበባዋም ወር እየዘለለ መምጣት ጀመረ፤ ለማንም አልተናገረችም።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ ወይዘሮ አሳየሽ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ትልቁ ሽማግሌ ነገሩን አለዝበው አወጡት። ሁለት ሚስት ቤተ ክርስቲያን አትፈቅድም፤ ቤት ደግሞ ያለ ልጅ አይቆምም፤ ስለዚህ ሚርያም የድርሻዋን ይዛ፣ ሳይጣሉ፣ በፍቅር ወደ ቦዲቲ ብትመለስ ምን ይመስላታል? ሶርሳ በሩ አጠገብ ተቀምጧል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ሲያድር የሚሻግት እውነትም አለ።

"እናቴ፣ ያን ቀን ዋሽቼዎታለሁ" አለች ሚርያም። "ሐኪሙ ችግሩ ከሶርሳ ነው ነበር ያለው። እንዳይከፋዎት ብዬ፣ እንዳያፍር ብዬ በራሴ ላይ አዞርኩት። እኔ ምንም የለብኝም። ሐኪሙን ጠይቁት።"

"ሐኪሙ ክሊኒኩን ለቆ ሄዷል አሉ" አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

"ካርዱ አለ! ሁሉም ተጽፏል። አሁኑኑ ላምጣው።"

"ልጄ፣ ካርዱን የምትይዢው አንቺ አይደለሽም?"

ወይዘሮ አሳየሽ ሽማግሌውን በእጃቸው ዝም አሰኟቸው። ምራታቸውን ይወዷታል፤ ለማመን ትንሽ ነበር የቀራቸው። ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ሶርሳ፣ አንተም እዚያው ነበርክ። ሁለቱንም ቋንቋ ትሰማለህ። ሐኪሙ ምን አለ?"

ሚርያም ወደ ባሏ ዞረች። ዘጠኝ ዓመት አብራው ተኝታለች፣ ከጎኑ ተንበርክካ ጸልያለች፤ ይናገራል ብላ አመነች።

ሶርሳ ከመቀመጫው ሳይነሣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ሐኪሙ ያለውን ለእናቴ የተረጎመችላት እሷ ናት" አለ። "እኔ የምጨምረው የለኝም።"

ሽማግሌዎቹ ለጸሎት ተነሡ። ሚርያም አሜን ሳይባል ወደ ጓዳ ገብታ ሻንጣ አወረደች። ትንሽ ቆይተው ወይዘሮ አሳየሽ ተከትለዋት ገቡ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ እያለቀሱ፣ ልብሷን አንድ በአንድ እያጠፉ ያቀብሏት ጀመር።